ለአዮ የተመረጠው ቴሌቪዥን

ልጆቼ ግድግዳ ላይ ምስል የሚጥለውን ፕሮጀክተር ካልገዛሽልን ብለው ስለነዘነዙኝ፣ ባለፈው ሳምንት ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ መጋረጃውን ጋርዶ መሣሪያውን ሲያበራው የጋለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ወጣቱ ስለ ጥራቱና ስለ ዋስትናው ብዙ አወራልኝ፤ እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ከገባ በኋላ አንድም ቃል አልሰማሁትም። የልጅነት ቤታችን ሳሎን ሽታ ነበር፤ የእናቴ ቴሌቪዥን ሲግል እንዲሁ ነበር የሚሸተው።

እናቴን አዮ ነበር የምንላት። ዓይኗ መድከም የጀመረው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ሲሆን፣ ሐኪሙም ቀስ እያለ እንደሚጠፋ እንጂ እንደማይመለስ ለአባቴ ነግሮት ነበር። አዮ በዚህ ዓለም አንድ ምኞት ነበራት፤ ካዕባን በዓይኗ ማየት። በልጅነቷ እስከ ሼክ ሁሴን መቃብር ድረስ በእግሯ ሄዳ ዘይራለች፤ ከወለደች ወዲህ ግን ልቧ ደክሞ እንኳን የአውሮፕላን መንገድ የዲንሾን ዳገት በመኪና አትችለውም። የስንዴና የገብስ ነጋዴው አባቴ አፈ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ሚስቱን መካ መውሰድ ሲያቅተው መካን ቤቷ ድረስ ሊያመጣላት ቆረጠ።

የጎረቤት ትንሿ ቴሌቪዥን ለአዮ ዓይን የትንኝ ዝላይ ያህል ብቻ ነበረች። ስለዚህ አባቴ ስንዴ ጭኖ ሻሸመኔ ሲወርድ እኔንም አስከትሎ ቴሌቪዥን መረጣ ገባ። አመራረጡን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ይመጣል። የአዮን ስስ ሻሽ ከኪሱ ያወጣና አጣጥፎ ዓይኑን ይጋርዳል፤ ከዚያም በሻሹ ውስጥ አሻግሮ ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ ያያል፤ እሷ እንደምታየው ለማየት መሆኑ ነው። ባለሱቆቹ ሰውዬውስ ጤና የለውም ብለው ይጠቃቀሳሉ። እሱ ግን “ይሄ አይታይም፤ ይሄም አይታይም” እያለ ከሱቅ ሱቅ ሲያዞረኝ ውሎ፣ በመጨረሻ አንድ ጥግ ላይ ቁም ሣጥን የሚያህል ፕሮጀክሽን ቴሌቪዥን አገኘን፤ ሆዱ ውስጥ ካለው መብራትና መስታወት ምስሉን ወደ ፊቱ መስኮት የሚወረውር ግዙፍ ሣጥን። አባቴ ትክክል ፊት ለፊቱ ቆሞ ሻሹን ጋረደ፣ ብዙ ቆየ፣ ከዚያም “ይታያል” አለ፤ ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። በባዶ ኬሻ ጠቅልለን፣ በዲንሾ ጉም ውስጥ እንደ ሙሽራ አጅበን ሮቤ አስገባነው፤ ዲሹም ጣሪያችን ላይ ተተከለ።

አባቴ ግን አንድ ነገር ረስቶ ነበር። ያ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ለተቀመጠ ቢታይም ከጎን ለሚያየው ይጨልማል፤ አዮ ደግሞ እንግዳ ባለበት በገዛ ቤቷ ከፊት ተቀምጣ አታውቅም። አረፋ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ይጎርፋል፤ ሙስሊሙ ሐጁን ሊያይ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ደግሞ እንኳን አደረሳችሁ ሊልና ያንን የሚያህል ቴሌቪዥን ሊያይ። አዮ በር ላይ ቆማ “ኮታ፣ ኑ ግቡ! ወላሂ ከፊት ካልተቀመጣችሁ!” እያለች ሁሉንም እንደ ዕድሜው ትደለድልና፣ ራሷ የሻይ ፔርሙሷን ይዛ በሩ ጥግ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች። አባቴ ወደ መሃል እንድትመጣ በዓይኑ ይጠቅሳታል፤ እንግዳ አስነስታ ልትቀመጥ ነው? የማይታሰብ ነው። አንድ ጊዜ እግሯ ሥር ተቀምጬ ቀና ብል ካዕባም፣ ሐጃጁም የለም፤ መስኮቱ ላይ የሚታየው የደፈረሰ ጥላ ብቻ ነው።

“አዮ፣ ከዚህ እኮ ምንም አይታይም” አልኳት።

“ዝም በይ፣ እንግዳ ይሰማል” አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ።

ሰዉ ተሸኝቶ ሲያበቃ አባቴ በየዓመቱ “አየሽው?” ብሎ ይጠይቃታል።

“አየሁት፣ አልሐምዱሊላህ” ትለዋለች።

አባቴ እንዳሳያት አምኖ ነው የሞተው። በዚህ ልጽናና ወይስ ላልቅስ፣ ይኸው ሸብቼም አላወቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ሁሉ ስስ ስሱን ቴሌቪዥን እየገዛ በየግድግዳው ሰቀለ፤ ለአረፋ እኛ ቤት የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ሳሎኑ ጭር አለ። ከፊት ያለው ቦታ ለአዮ የተለቀቀላት እንግዲህ ዓይኗ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ነው። በመጨረሻዋ አረፋ እጇን ይዤ ትክክል ፊት ለፊት አስቀመጥኳትና ያየሁትን እነግራት ጀመር፤ ነጭ ለብሰው እየዞሩ ነው፣ የካዕባው ጥቁር መጋረጃ በወርቅ ክር ተጠልፏል እላታለሁ። የምትሰማኝ አልመሰለኝም።

“ጎረቤቶቹስ?” አለች። “በሩ ተዘግቶባቸው እንዳይሆን፤ እስቲ ክፈቺው።”

ከፈትኩት። ከግራም ከቀኝም፣ ከየቤቱ፣ እኛ ቤት የሚሰማው ያው የአላሁ አክበር ተክቢራ ይሰማል፤ ሁሉም የየራሱን ከፍቶ እያየ ነው፤ መንገዱ ላይ ግን ከባሌ ብርድ በቀር ማንም የለም። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆድ ብሶኝ አያውቅም። የአዮ ዓይን ቢጠፋ የአላህ ሥራ ነው ብዬ ችዬው ነበር፤ የቤቷን ሰው ያሳጣት ግን እኛው ሁላችን ገበያ ወጥተን፣ የተሻለውን መርጠን፣ ደስ ብሎን ተሸክመን ያስገባነው ዕቃ ነው፤ ይሄንን ለማን አቤት እንደምል አላውቅም። አዮ ቴሌቪዥኑን ከኋላዋ ትታ ፊቷን ወደ ተከፈተው በር አዞረች። እስኪመሽ ጠበቀች፤ ማንም አልመጣም።