የተዘቀዘቀው ነጠላ

እዚህ ጋርላንድ ከተማ ጎረቤታችን የሆነው ማርከስ የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ የሚተርኩ ፎቶዎቹን ዴንተን ከተማ በአንድ አዳራሽ ለእይታ አቀረበ። ሁለታችንም ፎቶ ማንሳት የተማርነው ከዩትዩብ ነው፤ ታዲያ ለምን እሱ? ቅናት እያንገበገበኝ ፎቶዎቹን እየዞርኩ ስመለከት፣ አንዱ ላይ ከጀርባዋ ፎቶ የተነሳች ባለነጠላ ሴት አየሁ። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገቷ ላይ ነው። ስህተት አገኘሁበት!

«ሶ፣ ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው» እያልኩ ለተሰበሰበው ሰው አብራራሁ። «ማርከስ ይህን አያውቅም፤ ለጌጥ ነው ያለበሳት።»

አንድ እጅ ከኋላ ጎተተኝ። እናቴ!

«እማ፣ አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ዝም በል አንተ! ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ማርከስ አያቱ ሞታበት ልቅሶ ልደርስ ሄጄ ነው ያነሳኝ።»

የገዛ እናቴ! እኔ ካሜራ ሳወጣ ፊቷን በእጇ የምትሸፍነው!