በጾም ዜማ ላይ የገባው ከበሮ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጎንደር

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጎንደር የተነሣነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ሄኖክ። ሄኖክ አሁን መድኃኒት ቤት ይሠራል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ድራም ይመታ ነበር፤ እኔም ቤዝ ጊታሬን ይዤ ከጎኑ፣ መብራት በማይደርስበት በኩል እቆም ነበር። አራት ሆነን የሮክ ባንድ ነበረን። ስሙን «ጓዳ» ያልነው የምንለማመደው በጊታር ተጫዋቻችን በዮናስ እናት ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያና በሳሙና ካርቶን መካከል ስለነበር ነው።

ለጉዞው ምክንያት የሆነን አራተኛው ሰው፣ ድምፃዊያችን ልሳነወርቅ ነው፤ እኛ ልሳኑ እንለዋለን። ባንዱ ከመበተኑ በፊት ስምንት ሥራዎች ቀድተን ነበር። ዮናስ አዲስ አበባ ሆኖ በዚህ ክረምት ድምፃቸውን አስተካክሎ ጨረሰና ኢንተርኔት ላይ እንልቀቃቸው አለ። በሰባቱ ሁላችንም ተስማማን። ስምንተኛውን ግን ያለ ልሳነወርቅ ፈቃድ መልቀቅ አንችልም። ልሳኑ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ዳባት አካባቢ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሯል። የዚያን ሥራ ዜማ ያገኘው እዚያ፣ ከመምህሩ ከተማረው ከጾመ ድጓ ነበር። ጾመ ድጓ የሁዳዴ ዜማ ነው። በሁዳዴ ደግሞ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐይቼ የማውቀው ነገር ነው። ሆኖም አንድ ቀን ልምምድ ላይ «እዚህ ጋ ከበሮ ቢገባስ?» አልኩ። በባንዱ ውስጥ በነበርኩበት ሁለት ዓመት ከኔ የወጣው ሐሳብ ይህ ብቻ ነው። ሄኖክ በማግሥቱ ከአጎቱ ቤት ከበሮ ተሸክሞ መጣ። ልሳኑ ዘፈነበት። በሰኔ ወር በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ለሕዝብ አቀረብነው። በሳምንቱ ልሳኑ ጓዙን ጠቅልሎ ደባርቅ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ከማለት ውጭ መልስ ሰጥቶን አያውቅም።

እኔ አባረርኩት ብዬ አምናለሁ። ለማንም ግን ተናግሬው አላውቅም።

የሚኒባሱ ሒሳብ እስከ ደባርቅ ለአንድ ሰው ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር፤ ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ሳቡ። ጥቅምት ስለሆነ ገብሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ለብሷል። አንዳንዱ ማሳ ታጭዶ ነዶው ተከምሯል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና፣

«ለጉብኝት ናችሁ?» አለ።

«ሙዚቀኞች ነን» አለው ሄኖክ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«የምን ሙዚቃ?»

«ሮክ።»

«ያ ጩኸቱ?»

«አዎ፣ ጩኸቱ።»

«እንግዲህ እግዜር ይርዳችሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ» አለ፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋም በነጠላቸው ውስጥ ሳቁ።

ዳባት ላይ ሩብ ሰዓት ቆምን። ሻይ ጠጥተን ትኩስ ፓስቲ በላን፤ ለሁለታችን ስልሳ ብር። ሄኖክ ሦስተኛውን ፓስቲ ይዞ ሲሮጥ ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ ነበር።

ደባርቅና ቡይት ራስ

ደባርቅ የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በበግና በአህያ ተሞልቷል። ልሳኑ አስጎብኚ እንደሆነ ሰምተናል፤ ስለዚህ አስጎብኚዎች የሚውሉበትን ሻይ ቤት ጠይቀን ሄድን። አንድ ሰውዬ «ልሳኑ? እንግዳ ይዞ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ ነው፤ ማታ ይወርዳል» አለን። ማታ ድረስ መጠበቅ አልቻልኩም። ብጠብቅ ሐሳቤን እንደምለውጥ ራሴን አውቃለሁ። በዚያው መንገድ ወደ መካነ ብርሃን ዕቃ የሚወስድ አይሱዙ አገኘን፤ ጋቢና ውስጥ ለአንድ ሰው መቶ ብር። መንገዱ ጠጠር ነው። እየወጣን ስንሄድ ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ ሰማዩ እየቀረበ መጣ። ጆሮዬ ሁለት ጊዜ ተደፈነ።

ቡይት ራስ ላይ ስንወርድ ነፋሱ ኮፍያዬን ሊወስደው ነበር። እዚያ ካለው የእንግዶች ሎጅ ራቅ ብሎ በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ጎንበስ ብለው ፎቶ ያነሳሉ። ከኋላቸው ጃኬት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመው ልሳኑ ነበር። ጢም አውጥቷል። አየንና ወደ እንግዶቹ ዞረ፤ ከዚያ እንደገና አየን።

«ሰው ሞተ?» አለ።

«ኧረ ማንም አልሞተም» አለው ሄኖክ። «አንተ ብቻ ነህ የጠፋኸው።»

ልሳኑ ሳቀና አቀፈው። እኔን ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስሞ «እታለም፣ ብርዱ አልገደለሽም?» አለኝ። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

እንግዶቹ ሎጁ ውስጥ ምሳ ሲበሉ እኛ ነፋስ የማያገኘው ግድግዳ ሥር ተቀመጥን። ስለ ባንዱ ማውራት የጀመረው ሄኖክ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ለመጫወት ጠይቀን ሥራ አስኪያጁ ሁለት ደቂቃ ካዳመጠ በኋላ «መዝሙር ነው እንዴ?» ያለንን አስታወሰ።

«የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሰምታው የሰይጣን ነው ብላ ጸበል ልትወስደኝ ነበር» አለ ልሳኑ።

«እኛ ምን ነበርን ግን?» አለ ሄኖክ። «ለጭፈራ ቤቱ ጾመኞች፣ ለጾመኛው ጨፋሪዎች።»

«አርባ ሰው የሚሰማን ባንድ ነበርን» አለ ልሳኑ። «ከአርባው ሰባቱ የዮናስ ዘመዶች።»

ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ስቀን አናውቅም። ልሳኑ በዚያ ዘመን የሚዘፍነው መልስ ስላገኘ ሳይሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ መጠየቅ የሚያፍረውን ነገር በጊታር ጩኸት ውስጥ መጠየቅ ስለሚችል እንደነበር ነገረን። «ጩኸቱ ይሸፍነኛል» አለ። እኔም ጨለማው ውስጥ የቆምኩት ለዚሁ ነበር።

ከዚያ ሄኖክ የመጣንበትን ነገር አነሣ። የልሳኑ ፊት ተለወጠ።

«እሺ አልልም» አለ። «ዜማው የኔ አይደለም፤ የየኔታ ነው። እሳቸውን ሳልጠይቅ አልፈቅድም። እንዳልጠይቃቸው ደግሞ ዐይናቸውን ማየት አልችልም። በዳባት ሳልፍ እንኳ ፊቴን ወደ ማዶው መስኮት ነው የማዞረው።»

«እና እኛ ሄደን እንጠይቃቸው?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ልሳኑ ወደ ገደሉ ዞረ። ጭላዳዎቹ አንዱ ሌላውን እያሳደደ በአፋፉ ላይ ተንከባለሉ።

«አይሆንም፤ እኔው እጠይቃቸዋለሁ» አለ። «ነገ እሑድ ነው። አብረን እንሂድ።»

ያን ምሽት ደባርቅ አራት መቶ ብር ከፍዬ በያዝኩት አልጋ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

እሑድ፣ ከዳባት ወደ የኔታ ደብር

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ዳባት ተመለስን። ከአስፋልቱ ወርደን በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሄድን። መንገዱ በባቄላ ማሳ መካከል የሚያልፍ ቀጭን ዱካ ነው። ልሳኑ ከፊት ይሄዳል፤ አያወራም። ሄኖክ አንድ ሁለት ጊዜ ሊያስቀው ሞከረና ተወው።

የኔታ ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያደሩ ናቸው። ቅዳሴው ወጥቶ ከጎጆአቸው ደጅ፣ መደቡ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ጥምጥማቸው ነጭ ነው፤ መቋሚያቸውን በትከሻቸው አስደግፈዋል። ልሳኑ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ማነህ?» አሉ፤ ፊቱን በእጃቸው ቀና አደረጉት። «ልሳነወርቅ! ሞተሃል ብዬ ፍትሐት ላደርስልህ ነበር እኮ። ደባርቅ ባሕር ማዶ ሆነች?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«ምን አድርገህ ነው ይቅር የምልህ? ተቀመጡ፣ እናንተም ልጆቼ ተቀመጡ።»

ልሳኑ ቆሞ ተናገረ። የጾሙን ዜማ ወስዶ በጊታር እንደዘፈነው፣ በላዩም ከበሮ እንደተመታበት አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። የኔታ አላቋረጡትም።

«በሁዳዴ?» አሉ ሲጨርስ።

«በሰኔ ነው፣ የኔታ።»

«ከበሮውን ማን አስገባው?»

ሄኖክ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ፣ የኔታ። እሱ አልጠየቀኝም።»

አዩኝ። «አንቺ ነሽ መቺዋ?»

«አይደለሁም። መቺው እሱ ነው።»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው የመታሁት» አለ ሄኖክ። የኔታ ጢማቸው ውስጥ ፈገግ ሲሉ አየሁ፤ ያ ፈገግታ ግን ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም።

«አሰሙኝ» አሉ።

ስልኬን አወጣሁ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸው። አንዱን ብቻ ከጥምጥማቸው ሥር አስገቡ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። ዐይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መቋሚያውን እየነኩ ሰሙት። ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ልሳኑ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ማዳመጫውን አውልቀው ለኔ መለሱልኝ።

«ይህ የማን ዜማ ነው?» አሉት።

«ከእርስዎ የተማርኩት ነው። የጾመ ድጓው።»

«ከኔ? እኔ ይህን አላስተማርኩህም።»

«የኔታ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ ዛፉ ሥር...»

«ዛፉንስ አስታወስከው፤ ዜማውን ነው የረሳኸው!» አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው ራሳቸው አዜሙት። ሌሊቱን ሙሉ በቆመ ሰው ድምፅ፣ ሻካራና ዝግ ያለ ነበር። ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ ከቃሉ ይልቅ የዜማውን አካሄድ ነው የምከተለው። መነሻው አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የኔታ ወደ ታች ወርደው ለረጅም ጊዜ ሲቆዩበት፣ የልሳኑ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሳቸው ሲመለሱ የሱ ጭራሽ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሁለት የማይተዋወቁ ዜማዎች ናቸው።

«መነሻዋን ይዘህ ጠፋህ» አሉ የኔታ። «የቀረውን ከየት እንዳመጣኸው እግዜር ይወቅ። ይህን ጾመ ድጓ ብለህ እፊቴ ብትቆምበት ኖሮ እንደገና ከመጀመሪያው ነበር የማስጀምርህ።»

«ታዲያ... የጾሙ አይደለም?»

«ስንት ጊዜ ልንገርህ? ያንተ ነው። ተሳስተህ የሠራኸው ያንተ ነው።»

ልሳኑ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር፤ ዐይኑም ረጥቧል። ሄኖክ «ሦስት ዓመት ሙሉ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ አልሳቅኩም።

የኔታ ግን አልጨረሱም ነበር። «አንድ ነገር» አሉ። «ከቤተ ክርስቲያን ወሰድነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ውሸት ነው። እኛም እንዲህ የምናዜም ይመስለዋል ሰው። ከበሮውን በተመለከተ፣ ያንተ ዜማ ከሆነ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ብቻ መቺው ይቸኩላል።»

«ሁሌም ይሉኛል» አለ ሄኖክ።

«አንተ ደግሞ» አሉት ልሳኑን፣ «በሁዳዴ ትመጣና እውነተኛዋን በወጉ ታወጣታለህ። እንዲህ አበላሽተህ ይዘህ መዞርህን አልፈቅድም።»

«እሺ፣ የኔታ።»

ሽሮ አበሉን። ሳንበላ እንድንሄድ አልፈቀዱም።

መመለሻ

ወደ አስፋልቱ ስንመለስ ሄኖክ ወደፊት ቀደመ። እኔና ልሳኑ ጎን ለጎን ሄድን። «ከበሮው ያንቺ ሐሳብ እንደነበር ያኔም አውቅ ነበር» አለኝ። «አልተቀየምኩሽም። እንደሰማሁት ደስ አለኝ። ያስፈራኝ ያ ደስታ ነው። የጾም ዜማ ላይ ከበሮ እየሰማ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ከራሴ ሸሸሁ።»

«ተመልሰህ ከኛ ጋር ትዘፍናለህ?»

«አይመስለኝም» አለ። «አሁን አይደለም። ተራራው ይሻለኛል።» አዘንኩ፤ ግን ይህ ሐዘን ይዤው ከሄድኩት ጋር የሚመሳሰል አልነበረም። ቀለል ያለ ነበር።

ዳባት ላይ ተለያየን። እሱ ወደ ደባርቅ፣ እኛ ወደ ጎንደር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ ስገባ ጫማዬ በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነገር ነው፤ ለመጻፍ እንኳ ያሳፍረኛል። እሱ ከየኔታ ፊት ሸሸ፤ እኔ ከሱ ፊት ሸሸሁ። ሁለታችንም የፈራነውን ነገር የሚያውቀው ሰው ከአስፋልት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። በሁለት ዓመት የባንድ ዕድሜ፣ ከዚያም በሦስት ዓመት ዝምታ፣ ማናችንም ሄደን አልጠየቅነውም። አርባ ሰው ፊት የማናፍር ሰዎች አንድ ሽማግሌ ፊት ለመቆም ይህን ያህል ፈጀብን።

ሰኞ ሥራዎቹን የምንለቅበትን ገጽ ከፍቼ መሙላት ጀመርኩ። የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ የሚል ቦታ አለው። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ፤ ወደ ልሳኑ ደወልኩ። ነፋስ ይሰማል፤ ተራራው ላይ ነበር።

«ዜማው ላይ ማንን ልጻፍ?» አልኩት።

«ልሳነወርቅ ብለሽ ጻፊ» አለ። «ከነአባቴ ስም። ልሳኑ ብቻ እንዳትዪ።»