ከሮለር ላይ ያለመውረድ ሥልጠና

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ያለው መንገድ ሲጠገን፣ ሮለር መንዳት እንዲማሩ ካምፕ ከገቡት ሠልጣኞች አንዱ ነበርኩ። ሮለር አፈር የሚዳምጠው ባለ ብረት ጎማ መኪና ነው፤ ከቀንድ አውጣ ጋር ቢሽቀዳደም ቀንድ አውጣው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሞተሩ የሚነሳው ከፊት በሚሰካ ብረት በእጅ እየተዘወረ ሲሆን ዘዋሪው እኔ ነበርኩ። በእንጅባራ የጧት ብርድ ያንን ሞተር ከማስነሳት ሬሳ ማስነሳት ይቀላል። ክንዴ ከመዘወር ብዛት ረዝሞ ሳልጎነበስ የጫማዬን ክር ለማሰር ደርሼ ነበር፤ ጫማ ቢኖረኝ። ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሰማዩ ቀድሞ ትከሻዬ ያውቃል።

ድካሜን ያበዛው ጓደኛዬ ነው። ከዘንገና በኩል የመጣ፣ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነበር። መሪውን፣ ማርሹን፣ ፍሬኑን ከሁላችንም ቀድሞ ለመደ። ያቃተው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መቀመጥ። በአገራችን ፈረስ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ለአክብሮት ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍም ይወርዳል። እሱም ይወርድ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሮለሩ እየሄደ ዘሎ ወርዶ ለአንድ መነኩሴ እጅ ነሳ። ሮለሩ ግን እጅ ሳይነሳ ቀጥ ብሎ የሰው ጎመን ውስጥ ገባ።

የሚያሠለጥነን ካቦ ከሸዋ የመጣ ቁጡ ሰው ነበር።

«አንተ! ማሽን ጥሎ ይወረዳል?»

«ጌታዬ፣ መነኩሴው በእግራቸው እየሄዱ እኔ ከላይ ሆኜ? እንዴት ብዬ?»

«እንግዲያው አጥፍተህ ውረዳ!»

ይህቺ ምክር ለሱ መድኃኒት፣ ለኔ መርዝ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ባየ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ እኔ እዘውራለሁ። የአዊ ሽማግሌ ሁሉ ተማክሮ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። «ምነው አንድ ቀን እንኳ ጎረምሳ ብቻ ባሳለፍክልኝ» እያልኩ ፈጣሪን እለምናለሁ።

በመጨረሻ ካቦው ቆረጠ። «ነገ ፈተና ነው። ከካምፑ እስከ ድልድዩ ትነዳለህ። አንዴ ከወረድክ ወደ ቤትህ።»

ወደ ቤትህ የሚባለው ቤት ላለው ነው። የጓደኛዬ አባት እርሻውን ለታላላቆቹ አካፍለው ጨርሰዋል፤ ለሱ የቀረው ይህ ሥራ ነበር።

በማግስቱ ገበያ ነው። መንገዱ በሽማግሌ ተሞላ። ጓደኛዬ መሪውን አንቆ፣ ከወገቡ እየጎነበሰ «ይቅርታ አባቶቼ፣ ይቅርታ» እያለ አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ ከመቀመጫው ብድግ አለና አማተበ። እኔ ከጎን እየሄድኩ «ቁጭ በል ወንድሜ፣ ለክንዴ እዘንለት» እለዋለሁ።

ድልድዩ ብቅ ሲል አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ከፊት ለፊት መጡ። የጓደኛዬ ፊት አመድ መሰለ።

«አባቴ ናቸው» አለኝ።

አልወረደም። አንገቱን ደፍቶ «እንዴት አደሩ አባባ» አለ፤ ድምፁን ሞተሩ ዋጠው። አባቱ በቅሎዋን ገትተው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ራሳቸው ወረዱና ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው?»

«ደህና ነው አባባ።»

«እግሩን ነው? እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ብረት ቆርጦታል?»

«ኧረ ሥራው ነው፤ አትውረድ ተብሎ ነው።»

«ለአባትህ አትውረድ የሚል ሥራ አለ?»

ሽማግሌው አላመኑኝም፤ የገበያውን ነገር ትተው በቅሎዋን እየሳቡ ከኛው ጋር ተመለሱ። በእግራቸውም ሮለሩን እየቀደሙት ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ዓይናቸው ከልጃቸው እግር አልተነሳም።

ድልድዩ ጋ ካቦው «አልፈሃል፣ ውረድ» አለው። ጓደኛዬ ወርዶ የአባቱን ጉልበት ሊስም ሲል ሽማግሌው ቀድመውት ጎንበስ አሉና ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስበው ቅልጥሙን ይዳብሱ ጀመር፤ አንዱን ሲጨርሱ ሌላውን።