አጥቤ ያጠፋሁት ስንጥቅ

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ሲያስገቡ፣ እኔ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን ውስጥ አንድ አነስተኛ የብየዳ ወርክሾፕ ገብቼ ብረት መመርመር እማር ነበር። ሥራው ብረቱን ሳይቆርጡና ሳይሰብሩ የተደበቀ ስንጥቅ ፈልጎ ማግኘት ነው። ከምኖርበት ከሆሎዌይ ስመጣ አውቶቡስ ላይ መመሪያውን አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል ኅዳጉ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ልብ ወለድ እንኳ እንደዚያ ገጽ በገጽ አጣድፎኝ አያውቅም።

ወርክሾፑ ውስጥ አማርኛ የማወራው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበይዱ የኖሩ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህርት» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሻይ ይዤ ሳነብ ካዩኝ፣ ዛሬስ መጽሐፉ ስለኛ ብረት ምን አወራ ይሉኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ሱፐርቫይዘሬ፣ ቃል የሚቆጥብ እንግሊዛዊ፣ አንድ ምርመራ ያለ ማንም እርዳታ ከጨረስኩ የልምምድ ወረቀቴ ላይ እንደሚፈርምልኝ ነገረኝ። ያ ፊርማ ከሌለ ለፈተና መቀመጥ የለም። የተሰጠኝ ዕቃ የክሬን መንጠቆ የሚገባበት ወፍራም የብረት ጆሮ ነበር። የበየዱት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ብየዳውን አጽድተው ቀይ ቀለም ይነፉበታል። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ሰርጎ እስኪገባ ይጠብቃሉ። ከላይ የቀረውን ማጽጃ በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ሲደርቅ ዱቄት የሚመስል ነጭ ስፕሬይ ያለብሱታል። ስንጥቁ ውስጥ የተደበቀው ቀይ ቀስ ብሎ ነጩ ላይ ይወጣል።

ነጩን ነፋሁ፤ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሱፐርቫይዘሬ ጎንበስ ብሎ አየና ብዕሩን አወጣ። ዕቃውን የሚጭነው ሾፌር በሩ ላይ ቆሟል። ጋሼ ከሩቅ ፈገግ አሉ።

ያኔ ነው ንጣቱ ያስደነገጠኝ። መመሪያው ማጽጃውን ጨርቅ ላይ ነፍተሽ ጥረጊ፣ ብረቱ ላይ ግን ፈጽሞ አትንፊ ይላል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ቀለም አጥቦ ያወጣዋልና። እኔ ግን ዳር ላይ የቀረች ትንሽ ቅላት አላስችል ብላኝ በቀጥታ ነፍቼባታለሁ። ቤቴ አንድ ብርጭቆ ሁለቴ የማጥብ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ስህተት ዝርክርክ ሰው አይሠራውም።

ብናገር ፊርማው ይቀራል። ዝም ብል ያ ጆሮ ነገ ከሰው ራስ በላይ ብረት ያንጠለጥላል። ተናገርኩ። ሱፐርቫይዘሬ ብዕሩን ከደነና ሾፌሩን ትንሽ እንዲታገስ ጠየቀው።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «የኔን ብየዳ ነው የተጠራጠርሽው?»

«የእርስዎን አይደለም ጋሼ፤ የራሴን እጅ ነው።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አጸዳሁ፣ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ። በዚህኛው ጊዜ በጨርቅ ብቻ ጠረግሁ፤ ዳር ላይ የቀረችውን ሐመር ቅላት እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ። ነጩን ነፋሁ። መጀመሪያ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጣች። አጠገቧ ሌላ። ከዚያ ነጥቦቹ ተያይዘው ከብየዳው ጥግ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ተዘረጋች። ዓይን የማያየውን ነገር እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከብረት ውስጥ ጠርቼ አወጣሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ጋሼ አጠገቤ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ።

ሱፐርቫይዘሬ እንደገና ሥሪው ያለኝ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። እንግዲያው ያለ እርዳታ ነው አለና ፈረመ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው መስመሯን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ብረቱን በደንብ ሳያሞቁ መበየድ መጀመራቸውን፣ መኪናው ደረሰ ሲባሉ መቸኮላቸውን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ግራይንደሩን አንስተው ስንጥቁን ሞርደው እንደገና ሊበይዱት ሲሉ ቆም አሉ። ለምርመራ ወዳልተመደበ፣ ግድግዳው ሥር ወደተቀመጠ ሌላ ጆሮ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ያንንም እዪልኝ፣ መምህርት። እሱንም በዚያው ጥድፊያ ነው የበየድኩት።»

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና አዲስ ጨርቅ አነሳሁ።