የጥሩሐረግ ቃል በመሪጌታ ደብተር

በሰቆጣ ዙሪያ ልጅ የሚድር ሰው ሁሉ አስቀድሞ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ደጅ ይቆም ነበር። ዘር ቆጣሪ ናቸው። የሙሽራውንና የሙሽሪትን አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩና "ይጋባሉ" ወይም "አይጋቡም" ይላሉ፤ በቃ። ለምን ብሎ የጠየቀ ወዮለት! "የነገረኝ ሰው ገመና ነው፤ የእኔ አይደለም" ብለው ያባርሩታል። ሠላሳ ዓመት በዚያው አገር ከደሃና እስከ ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው እየዞሩ የሞሉትን ደብተር ባለቤታቸው አመተ ሥላሴ እንኳ ገልጣ አታውቅም።

ምን ያደርጋል፣ ዓይናቸው ደከመ። ደብተሩንም ምስጥ ይበላው ጀመር። ጎረቤታቸው መምህር ይግዛው፣ ክፋት የማያውቅ ሰው፣ "በስልኬ ላንሣውና ይትረፍ" አላቸው። "አንሣው" አሉት። "ለሰው አታሳይ" አላሉትም፤ ይኼ ደግሞ ይነገራል እንዴ? እሱ ግን "ቅርሳችን" ብሎ ገጹን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ስንቱ አመሰገነው!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በአንዱ ገጽ ጥግ የአምደወርቋ ጥሩሐረግ ከሃያ ዓመት በፊት እያለቀሰች የነገረቻቸው ነበር፤ ልጇ ጌታሰው የሟች ባሏ ልጅ አይደለም። የወለደው ሌላ ነው፤ ስሙም ተጽፏል። የተናገረችው ልጁ ሳያውቅ እህቱን እንዳያገባ ፈርታ ነው። የባሏ ወንድሞች አነበቡት። ጌታሰውንም "የአባትህን አገር ፈልግ" ብለው ከሚያርሰው መሬት አባረሩት። እናቱን አንድ ቃል ሳይናገራት ሄደ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

መሪጌታ ይኼን ሲሰሙ አምደወርቅ ድረስ ሄደው፣ ነፍስ እንዳጠፋ ሰው ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ደጃፏ ቆሙ። ባገሩ ወግ ይቅር ያለ ተበዳይ ድንጋዩን ያወርዳል።

"ጥሩሐረግ፣ ማሪኝ። እኔ አላወጣሁትም፤ ይግዛው ነው" አሉ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር።

"ይግዛው ማነው?" አለች። "እኔ ይግዛውን አላውቀውም። የነገርኩት ለእርስዎ ነው።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። እሳቸው እንደጎበጡ ቆመው ጠበቁ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። አላፊ አግዳሚው እያየ ያልፋል፤ ማን ደፍሮ ያውርድላቸው! ሲያቅታቸው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ጥር መጣ፣ ሠርጉም በያለበት ሆነ፤ ዘር ሊያስቆጥር የመጣ ግን አንድ ሰው የለም። አገሩ ሳይቆጠር ይጋባል። ድንጋዩ አሁንም አምደወርቅ ደጃፏ ላይ ነው፤ ጥሩሐረግ ዞራው ትወጣለች፣ ዞራው ትገባለች።