ድጋሚ ሚዛን

ግሌኒስ ሆርንዝቢ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምዝቢ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ሃያ ስድስት ዓመት ቆማለች። ቢጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጫፉ ላይ ክብ የ«ቁም» ምልክት ያለበትን ረጅም ዱላ ይዛ ልጆች ልታሻግር መሀል መንገድ ስትገባ አውቶቡሱም የዓሣ መኪናውም ቀጥ ይላል። አንድ ቀን የፖሊስ መኪና ቀድሟት ሊያልፍ ሲል ኮፈኑን በዱላው አንኳኩታ ስታስቆመው በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የክብደት ቀናሾች ማኅበራችንን ሚዛን የምታነብልን እሷ ነበረች። ራሷም ወፍራም ናት። ይህን ስል አላፍርም፤ እኔም ወፍራም ነኝ።

ማኅበራችን የራሱ ወግ አለው። ሐሙስ ቁርስ የሚበላ የለም። ሚዛን ላይ ከመውጣታችን በፊት ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ሽንት ቤት ይኬዳል፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷን አውልቃ በመሐረብ የምትይዝ ሴት ሁሉ ነበረችን። የመጣው ቁጥር ያላስደሰታት ሴት «ድጋሚ» ማለት ትችላለች። ጉትቻዋንና ሹራቧን አውልቃ እንደገና ትወጣለች፣ ግሌኒስም ሁለተኛውን ቁጥር ትጽፍላታለች። እሷ ራሷ ግን አንድም ቀን ድጋሚ ብላ አታውቅም። መጀመሪያ የመጣው ነው እውነቱ፣ ሁለተኛው ልብን ማባበያ ነው ትለን ነበር።

ባለፈው ዓመት ጉልበቷ ከዳት። አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ቆማ ስትውል ማታ ደረጃውን በቂጧ እየተንፏቀቀች ነበር የምትወጣው። ቀዶ ጥገና የሚያደርግላት ሐኪም ሦስት ስቶን፣ ወደ ሃያ ኪሎ ማለት ነው፣ ካልቀነስሽ ጉልበትሽን አልነካም አላት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እስከ ፋሲካ ድረስ እንደ ልብሽ መቆም ካልቻልሽ ዱላውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን የሚል ደብዳቤ ጻፈላት። የሰፈራችን ሐኪም ወደ ሆስፒታሉ የክብደት መቀነሻ ክፍል መራት፤ ክፍሉም ተራሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ይደርሳል አላት። ዱላው ከእጇ ከወጣ ግሌኒስ ምን እንደምትሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፣ ጠዋት የሚያስነሳት ያ መንገድ ብቻ ነው።

በዚያን ሰሞን ከተማችን በማቅጠኛ መርፌ አብዳ ነበር። ከአርባ ሴት አሥራ አንድ ቀረን። ጥፍር የምትሠራው ካንዲስ እንኳ መርፌውን ከሱቋ ማቀዝቀዣ እያወጣች ትሸጥ ጀመር። ያንን ማቀዝቀዣ ሲከፈት አይቼዋለሁ፤ መርፌው የተቀመጠው ከተነከሰ የሽሪምፕ ሳንድዊችዋና ከጥፍር ሙጫው መሀል ነው። ካንዲስ ለግሌኒስም እዚያው ወንበር ላይ ልውጋሽ አለቻት።

«ጥፍር በምትሞርጂበት እጅሽ ሆዴን አትነኪኝም» አለቻት ግሌኒስ።

እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ በኢንተርኔት ክሊኒክ አለ፣ እዚያ ሐኪም ይጽፍልሻል አልኳት። ኮምፒውተሩ የእኔ፣ ወጥ ቤቱ የእኔ፤ እሷ መነጽሯን ረስታ ስለመጣች የምትጫነውም የእኔ ጣት ነበረች። ገጹ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ፖም ይዛ ትስቃለች። ቁመት ጠየቀ፣ ክብደት ጠየቀ። ፎቶ አልጠየቀም፣ የሰፈር ሐኪምሽ ማን ነው አላለም። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ቆሽትሽ ተቆጥቶ ያውቃል ወይ አለ። ግሌኒስ ከስምንት ዓመት በፊት በሐሞት ጠጠር ምክንያት ቆሽቷ ተቆጥቶ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ወይን ይዤ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። አዎ አለች፣ አዎን ተጫንኩ። ገጹ ቀላ። «ይቅርታ ግሌኒስ፣ ይህ ሕክምና ለአንቺ አይሆንም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የሚያምር አረንጓዴ ቁልፍ ተቀምጧል፦ «መልስሽን ማስተካከል ትፈልጊያለሽ?»

ግሌኒስ ጉልበቷን አሸች።

«ድጋሚ በያ» አልኳት። «ለስንቱ ሴት ድጋሚ ጽፈሽ የለ?»

«ያ ሹራብ ነው፣ አንቺ።»

«ይሄም ሹራብ ነው። የስምንት ዓመት በሽታ ማን ያየዋል? አውልቂውና ውጪ።»

መስኮቱን አየች፣ ጉልበቷን አየች። ከዚያ «እሺ፣ አውልቂልኝ» አለችኝ፤ እኔም «የለም» የሚለውን ተጫንኩ። ስድስት ደቂቃ አልሞላም፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ግሌኒስ!» የሚል መጣ። መልኳን አይቶ፣ ድምፅዋን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንደ እህቷ በስሟ እየጠራ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። ያን ዕለት እኔም አብሬ ደስ ብሎኝ ሻይ አፈላሁ።

መድኃኒቱ በአራተኛው ቀን በሯ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ውሃ ሆኗል። የደወለ ሰው የለም፤ አወጋጉን እንኳ ያሳየችን ቪዲዮ ላይ ማስቲካ የምታኝክ አንዲት ልጃገረድ ናት። ግሌኒስ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ትወጋ ጀመር። ምግብ አስጠላት፣ ቺፕስ ሲሸታት አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ክብደቷም ወረደ። በሦስተኛው ሐሙስ ከሚዛን ስትወርድ ሁላችንም አጨበጨብንላት። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ ሆዷን ከላይ በኩል ያማት ጀመር፤ ሕመሙ እስከ ጀርባዋ ይዘልቃል። ለማንም አልተናገረችም። የእኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል ነፍሱ ልትወጣ ብትደርስ እንኳ «አላማርርም» ነው የሚለው፤ ሐኪም ማስቸገር ነውር ይመስለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን አንሰማም፣ ወይም ሰምተን ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለናል። ማክሰኞ ጠዋት ካፖርቷን ለብሳ ወጣች። መኪናውን አቆመች፣ ልጆቹን አሻገረች፣ እሷ ግን ወደ ዳር አልተመለሰችም። መሀል መንገድ ዱላዋን ተደግፋ አስታወከች፤ ከዚያ ተንበረከከች። ዱላውን ግን አልለቀቀችም፤ ምልክቱም ቁም እንዳለ ነበር፣ መኪኖቹም ቆመው ጠበቋት። የአውቶቡሱ ሾፌር ወርዶ ነው ያነሳት።

ሆስፒታል ያየቻት ወጣት ሐኪም ቆሽትሽ እንደገና ተቆጥቷል ብላ የመርፌውን ካርቶን ይዛ መጣች። አድራሻ የለው፣ ያዘዘው ሐኪም ስም የለው፤ ሻጩንም በተመዘገቡት ፋርማሲዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጋ አጥታዋለች። ትክክለኛው የኢንተርኔት ክሊኒክ በቪዲዮ ያይሽ ነበር፣ ሚዛን ላይ ቆመሽ አሳይን ይልሽ ነበር፣ ለሰፈር ሐኪምሽ ካልጻፍን አንሰጥሽም ይልሽ ነበር ብላ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ከዚያ ጠየቀቻት።

«ስለ ቆሽትሽ ምንም አልጠየቁሽም?»

እኔ አልጋው እግር ሥር ቢጫ ካፖርቷን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ጠይቀውኛል» አለች ግሌኒስ። «ዋሸኋቸው።»

ወደ እኔ አልዞረችም። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ካፖርቱን አጣጠፍኩ። አጣጠፍኩና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፣ እንደገና አነሳሁና አጣጠፍኩት። ያንን ፖም የያዘችውን ሴት እጸየፋታለሁ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ እጸየፈዋለሁ፣ የካንዲስን ማቀዝቀዣ እጸየፈዋለሁ። ግን ማታ እጄን ስታጠብ የማያት ያቺን ጣት ነው።

ሦስት ሳምንት ተኛች። ዱላው ለአንድ ጡረተኛ መርከበኛ ተሰጠ። የጉልበቱ ቀዶ ጥገና ቆሽቷ እስኪያገግም ተብሎ ሌላ አንድ ዓመት ተገፋ። ወጣቷ ሐኪም ግን ለሰፈራችን ሐኪም ራሷ ደውላ ክብደቷን በቅርብ የሚከታተል ክፍል አስገባቻት፤ እዚያ ቀጠሮ ላይ አራት ሰው ነው የጠየቃት፣ አራቱም ስለ ቆሽቷ።

ወደ ቤቷ በተመለሰች በማግስቱ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ያኔ የሞላሁት የእኔን ቁጥር ስለነበር ስልኬ ላይ ከዚያ ክሊኒክ መልእክት መጥቶ ነበር፤ «ግሌኒስ፣ ናፈቅሽን! ቀጣዩ መርፌሽ ተዘጋጅቷል» ይላል። ላጠፋው ስል «ስጪኝ» አለችኝ። መነጽሯን አደረገችና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በራሷ ጣት መለሰች። ቆሽት ላይ ስትደርስ አዎን ተጫነች። ገጹ ቀላ፣ አረንጓዴው ቁልፍ መጣ። ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ያኔ ገና ዓይኔን አየችኝ።

«ድጋሚ ልበል?»

«ለሐኪሟ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ» አልኳት።

«ነበረብሽ» አለች። «ከማኅበራችን ሴቶች ስንቶቹ ይሄን ገጽ ከፍተው እንደተቀመጡ ታውቂያለሽ? ሐሙስ ንገሪያቸው።»

ሐሙስ ግሌኒስ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሚዛኑ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጫማዬን፣ ሹራቤንና ጉትቻዬን እንዳደረግኩ ወጣሁና እዚያው ላይ ቆሜ ማን «የለም» ብሎ እንደተጫነ ነገርኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ግሌኒስ ቁጥሩን አንብባ ጻፈችው፤ ከኋላዬ የነበረችው ሴት አውልቃ በእጇ የያዘችውን ጉትቻ መልሳ አደረገች።