የዘይነባ ዓሦች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፤ የነፍስ አባቴም አያውቁትም። ሐሜቴን፣ ስካሬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬላቸዋለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። «ዓሣ ገደልኩ ብላቸው ይስቁብኛል» እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። የገደልኩት ዓሣ ብቻ ቢሆንማ እኔም ስቄ በረሳሁት።

ሞጣ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ረዳት እንዳልኩ ልብ በሉልኝ። ከተማው ግን «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም አንድም ቀን አላረምኩም። በሬ ሆዱ ሲነፋ፣ ላም መውለድ ሲያቅታት እጠራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም እጄ ይቀናል። ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በገበያ መካከል ማለፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላስፈላጊ ቦታ ሁሉ ለብሼው እሄድ እንደነበርም አልክድም።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ክሊኒካችን ድረስ መጡ።

«ዶክተር፣ የታመመ ከብት የለኝም። የታመመ ዓሣ ነው ያለኝ» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም።

ልጃቸው ዘይነባ ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም ነበር። እዚያ ሕፃን ታሳድግ ነበር። ሕፃኑን ትኩሳት ሲይዘው «ታሟል፣ ሐኪም ይየው» ብላ ብትለምን የሰማት የለም። ሲሞት ግን ሁሉም ወደ እሷ ዞረ፤ «አንድ ነገር አብልተሽው ነው» ተባለች። አሰሯት፤ ምንም ሲያጡባት ባዶ እጇን ወደ አገሯ ሰደዷት። ሞጣ ገብታም ክፍሏን ዘግታ ዝም አለች።

አንድ ጊዜ አባቷ ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይዘዋት ሄዱ። አንድ ሱቅ ውስጥ በመስተዋት ሣጥን የሚዋኙ ብርቱካንማ ዓሦች አይታ ከመስተዋቱ ፊት አልነቃነቅ ስትል ሦስቱን ገዙላት። ውኃና አየር የተሞላውን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የዓባይ በረሃ ሙቀት እንዳይገድላቸው በሻርፗ ሸፍና ሞጣ ድረስ አመጣቻቸው። ቤት ስትገባ እነሱን ማናገር ጀመረች፤ በአረብኛ፣ ከዚያ ሕፃን ጋር ታወራበት በነበረው ቋንቋ። ቀስ በቀስም ቤተሰቧን ማናገር ጀመረች።

«እነሱ ከሞቱ ልጄ ተመልሳ ትዘጋብኛለች» አሉኝ ሐጂ። «እባክህ ብቅ በልልኝ።»

ስለ ዓሣ በሽታ የማውቀው ነገር እንደሌለ መንገር ነበረብኝ። ምን ይጎድልብኝ ነበር? «እሺ» ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው፤ ጋዋኔንም ለብሼ።

ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ለዓሦቹ አየር የምትሰጠው ትንሽ ሞተር ቆማለች። ዘይነባ በኩባያ ከመስተዋቱ ሣጥን ውኃ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሳለች። «አየር እንዲያገኙ ነው» አለችኝ፤ እጇን ሳታሳርፍ። ዓሦቹን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ገላቸውና ክንፋቸው ላይ ነጭ ጤፍ የተበተነባቸው ይመስላሉ። አንደኛው ደጋግሞ ጎኑን ከድንጋይ ጋር ያሻል።

ምን ስታደርግ እንደቆየች ነገረችኝ። ዓሦቹን የሸጠላት ሰው በስልክ እንዳስረዳት፣ የቧንቧውን ውኃ ክሎሪን የሚሉት መድኃኒት እንዲለቀው ባልዲ ውስጥ ታሳድራለች፤ ከሣጥኑ ውኃ በከፊል እየቀዳች ባደረው ትተካለች፤ ትንሽ ጨውም ትጨምርበታለች። «ታገሺ፣ በሽታው ቶሎ አይለቅም ብሎኛል። ከትናንት ወዲህ ግን መብላት ጀምረዋል» አለች። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። ተስፋውን አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል እዋሻለሁ።

«በጨው ወጥ ልትሠሪያቸው ነው እንዴ?» አልኳት።

ሐጂ ለወጉ ሳቁ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ከዚያ ሐጂ ለሶላት ወደ መስጊድ ሄዱ፤ የወንድሟ ሚስት ፋጡማ ማዕድ ቤት ነበረች።

እኔ የማውቀው ከብት ነው። የሚያሳክክ፣ ቆዳ ላይ የሚታይ ነገር ሳይ እጄ የሚሄደው ለመዥገርና ለእከክ ወደምንረጨው መድኃኒት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በመርፌ ሳብኩና ሣጥኑ ላይ አዘነበልኩት።

«ዶክተር፣ ለዓሣ ይሆናል?» አለችኝ።

«ሥራዬን ለኔ ተይልኝ» አልኩና አንጠባጠብኩት።

አሁን ስሙኝ። እኔው ራሴ ገበሬውን ሰብስቤ «የረጫችሁበትን ዕቃ ወንዝ ውስጥ እንዳታጥቡ፣ ዓሣ ይፈጃል» እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ጠርሙሱ ላይም ተጽፏል። ታዲያ እንዴት ረሳሁት? ረስቼው ነው ወይስ አንዲት ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ ፊት መርፌዬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ማስገባት አሳፍሮኝ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ አቀረብኩት። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ እየወደድኩት አልመጣም እንጂ።

ዓሦቹ ወዲያው ተወራጩ። ከመስተዋቱ ጋር ተላተሙ፤ እንደ ዕብድ ዞሩ፤ ከዚያ በጎናቸው ተንሳፈፉ። ዘይነባ ባደረው ውኃ ልትተካላቸው ባልዲውን ይዛ ሮጠች፤ አልደረሰችም።

«ዶክተር፣ ምን ሆኑ?»

«ጨው አብዝተሽባቸዋል» አልኳት። «መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው ቀረ። እጅሽ ነው የገደላቸው።»

አላለቀሰችም። እጆቿን አየቻቸው። በቀሚሷ ጠረገቻቸው፤ ደግማ ጠረገቻቸው። «እዚያም እንደዚህ ነው ያሉኝ» አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ሌላ ሰበብ አልነበረኝም? መብራቱ ነው፣ በሽታው ነው፣ የአላህ ፈቃድ ነው ብል ማን ይከራከረኝ ነበር? እኔ ግን እሷን መረጥኩ። ለምን? ታሪኳን ከአባቷ ሰምቼ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠይቀኝ ነበር፤ ዘይነባ ግን ጥፋትን ለመቀበል የተዘጋጀች ልጅ ነበረች። ሌሎች ያቆሰሉባትን ቦታ አይቼ እዚያው ላይ ነው የወጋሁት። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱም ያንኑ ውሸት ደገምኩላቸው። እርሳቸው ደግሞ አመሰገኑኝ።

ብዙም ሳልቆይ ዝውውር ጠይቄ ቢቸና ገባሁ። አገሬም ስለሆነ ማንም ለምን አላለኝም። ዘይነባ ተመልሳ መዝጋቷን ከሞጣ በሚመጡ ሰዎች ሰማሁ፤ ፋጡማ ወንድ ልጅ መውለዷንም ሰማሁ። ዘይነባ ሕፃኑን በእጇ እንደማትነካው የነገረኝ ግን አልነበረም። ያንን በዓይኔ አየሁት።

ነገሩ የሆነው ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሰው ልሸኝ ቆሜ ሳለ የሞጣው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ፋጡማ ልጇን ታቅፋ፣ ዕቃዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዘይነባ ቀድማ ወርዳ ታች ቆማለች።

«ኧረ ያዥልኝ፣ ልወድቅ ነው!» አለች ፋጡማ።

ዘይነባ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያኔ አየችኝ።

«ለዶክተር ስጪያቸው» አለች። «የእሳቸው እጅ ይሻላል።»

ምፀት አልነበረበትም። ምፀት ቢሆን ኖሮ እንዴት ባረፍኩ! ከልቧ ነው ያለችው። ፋጡማ «ውይ ዶክተር! እባክዎ» ብላ ልጁን ዘረጋችልኝ።

ተቀበልኩት። በእነዚያው እጆቼ ተቀበልኩት። ልጁ የጋዋኔን ቁልፍ ይዞ ይጎትታል፤ ዘይነባ ከሩቅ እያየችው ፈገግ ትላለች። ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? «ዘይነባ፣ ጨዉ አልነበረም፤ ያንቺ እጅ እያዳናቸው ነበር» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ማሻ አላህ፣ አድጓል» አልኩና ልጁን ለእናቱ መለስኩላት።

ይቅርታ አልለምናችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ለእናንተ መናገሬም ድፍረት አይደለም። ዘይነባ ዛሬም ሞጣ ናት። ቤቷን አውቀዋለሁ። ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ በየጠዋቱ በደጄ ያልፋል፤ ጥሩንባውን እዚህ ተቀምጬ እሰማለሁ።